ሰው የሠራው ሐይቅ፤ ከቆቃ እስከ ጅቡቲ ገበያ

ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ተልከን ሳለን፣ የታዘዝነውን ፈጽመን ለመመለስ ስንሰናዳ አንዲት ጧት ተረፈችን። የጅቡቲን ፀሐይ የቀመሰ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በዚያች ከተማ ወጥቶ መንሸራሸር የሚቻለው ማልዶ ነው፤ ከረፈደ በኋላ ለአገሬውም ለእንግዳውም ጥላ ፍለጋ እንጂ ጉብኝት የለም። ስለዚህ ገና ሳይሞቅ ተነሥተን፣ በቀድሞ ስሙ የምኒልክ አደባባይ ይባል ከነበረውና በኋላ የነፃነታቸው ቀን መታሰቢያ ሆኖ የጁን 27 አደባባይ ከተባለው ስፍራ ጉዟችንን ጀመርን። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 1977፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በረንዳቸው በቅስት የተሠራውን ነጫጭ ቤቶች በግራ በቀኝ እየተመለከትን ወደ ደቡብ ስናመራ፣ የሐሙዲ መስጊድ ሚናራ ከፊት ከፊታችን እየመራን ከማዕከላዊ ገበያ አደረሰን።

ይህ ገበያ የብዙ ቋንቋ ገበያ ነው። አንዱ በሶማልኛ ይጣራል፤ ሌላው በአፋርኛ ይከራከራል፤ ዐረብኛው ከጨርቁ ሱቅ፣ ፈረንሳይኛው ከሒሳቡ ላይ ይሰማል። ጥቂት ጆሮውን ላዘነበለ ሰው ደግሞ ከየማዕዘኑ አማርኛና ኦሮምኛ ይደርሰዋል። ገንዘብ መንዛሪዎቹ ሴቶች በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው፣ ድሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው የየአገሩን ብር ይቆጥራሉ። የጫት ሻጮቹ ጠረጴዛ በዚያ ሰዓት ባዶ ነበር፤ ጫቱ በየዕለቱ ከኢትዮጵያ ተጭኖ እኩለ ቀን ገደማ እስኪገባ ድረስ ገበያው ግማሽ ልቡን ወደ መንገዱ አድርጎ የሚጠባበቅ ይመስላል።

እኛም በአትክልት ተራ ስናልፍ፣ በዚያ ሙቀት መካከል ቅላቱ የሚያበራ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተደርድሮ አየንና በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርናትን ፈረንሳይኛ አሰባስበን ዋጋውን ጠየቅን። ሻጭዋ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ እናት ነበሩ። ቀና ብለው ተመለከቱንና በጥሩ አማርኛ፣ «ልጄ፣ ለምን ትቸገራለህ? በአገርህ ቋንቋ ጠይቀኝ እንጂ» አሉን። አፍረን ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ጥቂት እንደ ተነጋገርንም ከአነጋገራችን ለይተው፣ «የትግራይ ልጅ ትመስለኛለህ» አሉ። እውነት መሆኑን ነግረናቸው፣ «እማማ፣ ይህ ቲማቲም ከወዴት የመጣ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከአገርህ ነዋ! ከቆቃ ነው የመጣው። እኔም ከዚያው ነኝ» አሉና አንዱን ቲማቲም አንሥተው በመዳፋቸው ጠረጉት። «ይህ ከአባቴ አገር ውሃ የጠጣ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህች አነጋገር ለጊዜው እንደ ቀላል ነገር ከጆሯችን ገብታ፣ ኋላ ግን ከልባችን አልወጣ አለች። ምክንያቱም የቆቃን ድልድይ በመሥሪያ ቤት መኪና እጅግ ብዙ ጊዜ ተሻግረናል፤ አንዳንድ ጊዜ እያንቀላፋን፣ አንዳንድ ጊዜም ምሳችንን በየትኛው ከተማ እንበላ ይሆን እያልን። ሐይቁን ግን ቆመን አይተነው አናውቅም ነበር። ስለዚህ እማማ ካቀረቡልን ዱካ ላይ ተቀምጠን የሚነግሩንን ሰማን፤ ከተመለስንም በኋላ ስለዚሁ ሐይቅ የተጻፈውን አገላበጥን። ለአንባቢያችን የምናቀርበው የሁለቱን ድምር ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን የአዋሽን ወንዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉልን፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከግንጪ ደጋ አስነሥተው፣ በስምጥ ሸለቆ አዙረው፣ በአፋር ምድር አሻግረው፣ ከጅቡቲ ወሰን ሲደርሱ ጠመኔውን ድንገት ያነሡ ነበር። እኛም ልጆች፣ «ባሕሩ ይኸው ቅርብ አይደለም ወይ? ለምን አይደርስም?» እያልን እንጠይቅ ነበር። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። አቤ በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ የሚገኝ ጨዋማ ሐይቅ ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽን ፍጻሜ ለማየት ወንዙን ተከትሎ ተጉዞ፣ ከዚሁ ሐይቅ ደርሶ በታጁራ በኩል ከባሕር የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ነበር። ወንዙ ከቀረበት ስፍራ መንገደኛው በእግሩና በግመሉ ቀጠለ ማለት ነው። ዛሬም እንዲሁ ነው፤ የአዋሽ ውሃ ከጅቡቲ ከተማ አይደርስም፤ በአዋሽ ውሃ የበቀለው ግን በጭነት መኪና ሆኖ ይደርሳል።

ያ ውሃ በመንገዱ ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ትልቁ ጎተራ የቆቃ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በምሥራቅ ሸዋ፣ በሞጆና በአዳማ አቅራቢያ ይገኛል። እንደ ዝዋይ ወይም እንደ ላንጋኖ ተፈጥሮ የሰጠችን አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ከውሃ ሳይሆን ከጦርነት ነው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. መባቻ የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ሲገባ መጀመሪያ የረገጠው የእኛን የአያቶቻችንን አገር ነበር። በቤታችን የዚያን ዘመን ነገር ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የተቃጠለው ቤትና ያልተመለሰው ወንድም በስም ይጠራል። ጦርነቱ አልፎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 በፓሪስ የሰላሙ ውል ሲፈረም፣ ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። አከፋፈሉ ግን ብዙ ዓመት አከራክሮ፣ ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙት በ1956 ነው። ከዚያ ካሣ ከተሠራው ሥራ ዋነኛው የቆቃ ግድብ ሆነ። ለፈሰሰ ደም ዋጋ አይቆረጥለትም፤ ይሁን እንጂ በመርዝና በቦምብ የመጣው መንግሥት ዕዳውን በሲሚንቶና በተርባይን ሲከፍል ማየት ለዚያ ትውልድ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ግድቡ ተፈጽሞ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከፍታው ከ40 ሜትር ይበልጣል፤ ሦስቱ ተርባይኖቹ በጠቅላላው 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል የመስጠት ችሎታ አላቸው። ከግድቡ በስተ ጀርባ የተኛው ውሃ በሞላ ጊዜ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ምድር ይሸፍናል፤ መጀመሪያ ሲሠራ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአካባቢው ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ሐይቁም በመጽሐፍ ቅዱስ በሚታወቀው ሐይቅ ስም ገሊላ ተባለ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ቆቃ እያለ ይጠራዋል።

የዛሬ ወጣት 43 ሜጋ ዋት ሲባል ሊስቅ ይችል ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ችሎታ 5,150 ሜጋ ዋት ስለ ሆነ፣ ቆቃ የዚያን አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በዘመኑ ለአዲስ አበባ መብራትና ለፋብሪካዎቿ የመጣው ታላቅ ኃይል ይህ ነበር። ከዚህም በላይ የቆቃ ዋና ጥቅም በክረምት የሚመጣውን ጎርፍ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ መልቀቁ ነው። በዚሁ የተመጠነ ውሃ ከግድቡ በታች አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 እና በ1971 ተጨመሩ። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ፣ ከዚያም የመተሐራ ሸንኮራ፣ ወረድ ብሎም የአፋር ምድር የጥጥ እርሻ በበጋ ውሃ የሚያገኙት ከዚህ ጎተራ ነው። አንድ የቤት እመቤት የመስከረሙን እሸት ለሐምሌ እንደምታስቀምጥ፣ ቆቃም የነሐሴውን ውሃ ለየካቲት ያስቀምጣል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጥቅም ስንዘረዝር እማማ ያሉንን ማስቀረት አይገባንም።

«ውሃው ሳይመጣ በፊት ሜዳ ነበር አሉ» አሉን፤ «እኔ አልደረስኩበትም፤ አባቴ ነው የነገረኝ። በበጋ ሌላው ሲደርቅ ሐዋስ ዳር ሣር አይጠፋም። ከብቱ ወደዚያ ይወርዳል። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ውሃ ይመጣል፣ ተነሡ አሏቸው። ሽማግሌዎቹ፣ ወንዝ አልጋውን ትቶ የት ይሄዳል? ብለው ሳቁ። ክረምት ወጣ፤ ውሃው ግን አልሄደም።»

የእማማ ወገኖች የጅሌ ኦሮሞ ናቸው፤ አዋሽንም ሐዋስ ይሉታል። የጅሌ ከብት አርቢዎች በወንጂ እርሻ አስቀድመው፣ በቆቃ ውሃም ኋላ የወንዝ ዳር ግጦሻቸውን እንዳጡ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በታች ካረዩና አፋርም የሸንኮራው፣ የጥጡም እርሻ በወንዙ ዳር ሲዘረጋ የበጋ ማረፊያቸው ጠቦባቸዋል። በከተማ መብራት በበራ ቁጥር ከሜዳው የተነሣ ሰው መኖሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እማማም ይህን የሚነግሩን በምሬት አልነበረም፤ የተቀበረ ዘመድ እንደሚነሣ ባለ ዝቅተኛ ድምፅ ነበር። አባታቸው ከብቱ ሲያልቅበት ከውሃው ዳር ሽንኩርት መትከል ጀመሩ፤ ወንድሞቻቸው ቆሮሶና አምባዛ ማጥመድ ለመዱ፤ እሳቸው ደግሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ አግብተው መጀመሪያ ወደ ድሬ ዳዋ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ መጡ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ከድሬ ዳዋ፣ በ1917 ከአዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የባቡር ሐዲድ እንዲህ ያለ ስንቱን ቤተ ሰብ ከደጋ ወደ ቆላ እንዳመላለሰ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም እማማ ሦስት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ የቲማቲም ሳጥን ነው።

ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ላባችን ሲንቆረቆር አይተው ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ሰጡን። ቀዝቃዛና ጥሩ ውሃ ነበር። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው ይላል ሲባል ሰምተን ስለ ነበር መገረማችን ከፊታችን ታየ። እማማም፣ «ይህም ከአገርህ ነው» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በሶማሌ ክልል ከሃዳጋላ ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ በቧንቧ ወሰን ተሻግሮ እንዲመጣላት ተስማምተው፣ ሥራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ተመርቋል፤ የታሰበለትም መጠን በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። የኤሌክትሪኩም መሥመር ከኢትዮጵያ ከ2011 ጀምሮ ይመጣል። ቲማቲሙን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ፣ ብርጭቆውን የሞላው ውሃ፣ ሳጥኑን የሞላው አትክልት ሦስቱም ከእኛ አገር መጡ። በምላሹም አገራችን ከውጭ የምትገዛው ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በዚሁ በጅቡቲ ወደብ ነው፤ ዕቃው በብረት ሣጥን ታሽጎ ሄዶ ከሚራገፍባቸው ስፍራዎች ትልቁ የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ሞጆ ደግሞ የቆቃ ጎረቤት ናት፤ የሞጆ ወንዝ የሚፈስሰው ወደ ቆቃ ነውና። ጅቡቲና ቆቃ አንዱ ለሌላው እንደ ጓዳና እንደ ሳሎን መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የተረዳነው።

እማማ ግን ብርጭቆውን መልሰው ሲቀበሉን ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ እዚህ በባዕድ አገር የአገሬን ንጹሕ ውሃ እጠጣለሁ» አሉ፤ «እኅቴ እዚያው በሐይቁ ዳር ተቀምጣ አረንጓዴውን ትቀዳለች። ልጄ፣ ስትመለስ በዚያ ታልፋለህ። ወርደህ እይልኝ። ቦኖው መጣ ይላሉ፤ አልመጣም ይላሉ። አንተ በዐይንህ አይተህ ንገረኝ።» የመንደሩንም ስም ነገሩን። እኛም እንደምናይ ቃል ገባን።

እዚህ ላይ ስለ አረንጓዴው ውሃ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ የከተማይቱንና የፋብሪካዎቿን እድፍ ይዞ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይገባል። የሞጆም ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችንና የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ይጨመርበታል። ከእርሻውም የታጠበ ማዳበሪያ ይመጣል። ይህ ሁሉ በቆመ ውሃ ላይ ሲከማች፣ ዋቅላሚ የሚባለውና በዐይን ለይተው የማያዩት ደቃቅ ነገር ይራባል፤ ውሃውም እንደ ተፈጨ ጎመን አረንጓዴ ይሆናል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ እንደሚያወጡ ሊቃውንት በቆቃ ውሃ ላይ መርምረው ጽፈዋል። ይህን መርዝ ውሃውን በማፍላት ማጥፋት አይቻልም፤ እናቶች ሁሉ ይህን ሊያውቁት ይገባል።

ሁለተኛው ጠላት ደለል ነው። ከላይኛው የአዋሽ ተፋሰስ ደን የተመነጠረበት፣ ተዳፋቱ የታረሰበት ምድር አፈሩ በየክረምቱ ታጥቦ ይመጣና በሐይቁ ግርጌ ይቀመጣል። በዚህም ምክንያት ሐይቁ ሲሠራ ከነበረው የመያዝ ችሎታ ከሩብ የሚበልጠውን አጥቷል። ሦስተኛው ዛሬ በጣና ላይ ሁሉም የሚያውቀው እንቦጭ ነው፤ ይህ አረም በአገራችን መጀመሪያ መታየቱ የተመዘገበው በቆቃና በአዋሽ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ነው። ጣና ላይ ችግር ሆኖ ከመታወቁ ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ቆቃ አስጠንቅቆን ነበር፤ የሰማ ግን አልነበረም። አራተኛው የወባ ነገር ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በዳርቻው በሚቀሩት ኩሬዎች ትንኝ ትፈለፈላለችና፣ በሐይቁ ዳር ያሉ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ በጥናት ታይቷል።

ከጅቡቲ በዳወሌ በኩል ወጥተን፣ ድሬ ዳዋ አድረን፣ በአዋሽና በአዳማ አልፈን፣ በሦስተኛው ቀን ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ታጠፍን። ሾፌራችን የታዘዝነው መንገድ ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ እንደ ሆነ አስታወሰን። የአንዲት እናት አደራ እንዳለብን ስንነግረው ግን ያለ ንግግር መሪውን አዞረ።

ጊዜው ግንቦት ስለ ነበር ሐይቁ ሸሽቶ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ትቷል። በዳርቻው የውሃ መሳቢያ ሞተሮች እየጮኹ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ያጠጣሉ። አባ ኮዳዎች ዓሣ አጥማጆቹ በጣሉት ቅሬታ ዙሪያ እንደ መንደር ሽማግሌ ተኮፍሰው ቆመዋል። ከሩቅ ሲታይ ውሃው ሰማዩን ለብሶ እጅግ ያማረ ነው፤ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ከዚህ የበለጠ አይገኝም። ሲቀርቡት ግን ቀለሙ ከሰማይ የመጣ እንዳልሆነ ይታወቃል።

ከእማማ መንደር ደርሰን ቦኖውን ጠየቅን። ቦኖው አለ፤ በሲሚንቶ በሚገባ ተሠርቶ ቆሟል። ከፊቱም ቢጫ ጀሪካኖች በረጅም ሰልፍ ተደርድረዋል፤ ሰው ግን የለም፤ ጀሪካኖቹ ብቻ ተራ ይዘዋል። አንድ ገበሬ ቀርቦ እንደ ነገረን፣ ውሃው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይመጣል፤ የሚስበው ሞተር በተበላሸ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሳምንት ይቀራል። «ታዲያ በሌላው ቀን?» ብለን ጠየቅነው። በአገጩ ወደ ሐይቁ አመለከተ። እዚያም አንዲት ልጅ ከጉልበቷ እስኪደርስ ገብታ፣ አረንጓዴውን በመዳፏ ወደ ጎን እየገፋች ጀሪካንዋን ትሞላ ነበር። እንግዳ መሆናችንን አይታ በትሕትና ሰላም አለችን፤ እኛም አጸፋውን መለስን እንጂ ሌላ ቃል አልመጣልንም። ልጅቱ በዕድሜዋ ከታላቋ ልጃችን ጋር እኩያ ነበረች።

የእማማን እኅት ከቤታቸው አገኘናቸው። በደስታ ተቀብለው ቡና አፈሉልን። ቡናው ሲቀርብ፣ ውሃው ከወዴት እንደ ሆነ ለመጠየቅ አሰብንና ተውነው። ከዘመድ በተላከ እንግዳ ፊት የቀረበ ቡና አይመለስም፤ ደግሞስ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚጠጡትን እኛ አንድ ቀን ብንጠጣው ምን ይገርማል? ጠጣን፤ አመሰገንን።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ለእማማ ምን ብለን እንደምንልክ ሁለት ቀን ያህል ተጨነቅን። «ቦኖው ቆሟል» ብንል ውሸት አይደለም፤ ልባቸውም ያርፋል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ግማሽ እውነት በሪፖርት ላይ መጻፍ ለምደነዋል፤ «ተሠርቷል» ብለን ስንጽፍ «ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የምንዘልልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የእማማ አደራ ግን፣ «በዐይንህ አይተህ ንገረኝ» የሚል ነበር። ስለዚህ ያየነውን ሁሉ፣ ቦኖውንም፣ ሰልፉንም፣ ልጅቱንም ጽፈን፣ ቲማቲም ወደ ጅቡቲ በሚያመላልስ ሾፌር እጅ ላክን። ስለ ሞተሩም ለሚመለከተው ሁሉ ማመልከቻ ጻፍን።

ቆቃ ያስተማረን ነገር ይህ ነው። ተፈጥሮ የሠራችው ሐይቅ ሰው ባይነካው ራሱን ይጠብቃል። ሰው የሠራው ሐይቅ ግን እንደ ቤት ነው፤ ተሠራ ተብሎ አይተውም። ጣራው እንደሚጠገን ተፋሰሱ በእርከንና በዛፍ መጠገን አለበት፤ ደጁ እንደሚጠረግ የሚገባበት ወንዝ መጽዳት አለበት፤ ለቤቱ ሲባል መሬቱን የለቀቀ ሰውም ቢያንስ ከቤቱ ውሃ የመጠጣት መብት አለው። ስድሳ ዓመት በላይ መብራቱንና ስኳሩን፣ ሽንኩርቱንና ዓሣውን ተቀብለን፣ እኛ ለሐይቁ የላክንለት በአብዛኛው አፈርና እድፍ ነው። አዳዲስ ግድቦች በሚሠሩበት በዚህ ዘመን የቆቃን ሒሳብ አስቀድሞ ማየት ለሌሎቹ ሁሉ ትምህርት ይሆናል፤ የግድብ ዕድሜ የሚለካው በምረቃው ቀን ሳይሆን ከምረቃው በኋላ ባሉት ቀኖች ነውና።

ከአንድ ወር በኋላ ያው ሾፌር የእማማን መልስ ይዞልን መጣ። በወረቀት አልነበረም፤ በቃል ነበር። «ተባረክ በሉት፤ ስላልዋሸኝ ደስ ብሎኛል። ደግሞ ሲያልፍ ደግሞ ይይልኝ» ብለዋል አለን።

እኛም ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቆቃ ድልድይ ስናልፍ አናንቀላፋም።